የመስቀል ወፍ ከየትም አትመጣም፦ በክረምት መውጫ መሃል አዲስ አበባ ላይ ምን እንይ?

ጠፍቶ ጠፍቶ በዓመቱ ብቅ የሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል። አባባሉ ለሰው ይሠራል፤ ለወፏ ግን አይሠራም። የመስቀል ወፍ የትም ሄዳ አታውቅም። በጥርም በግንቦትም እዚሁ ከአጥራችን ሥር የሣር ፍሬ ስትለቅም ትከርማለች። ያን ጊዜ ድንቢጥ መስላ ስለምትታይ ልብ የሚላት የለም። መስከረም ሲጠባ የሚቀየረው የወንዱ ልብስ እንጂ አድራሻው አይደለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው አዲስ አበባ የሚገቡ እውነተኛ እንግዶች አሉ። እነሱ ተራ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ ማንም «እንኳን ደህና መጣችሁ» አይላቸውም።

የወቅቱን ምልክቶች ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊለየው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ማን ልብስ ቀየረ፣ ማን ከሩቅ መጣ።

ዝናብ የሚቆጥሩና ብርሃን የሚቆጥሩ

«ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት፣ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ የከተማ ሰው እንደሚያውቀው ግን ዝናቡ ከቡሄ በኋላም በቀላሉ አይለቅም። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈልም ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ከቡሄ ወዲህ የሚመለሰው ብርሃኑ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ብቅ ትልና ዝናቡ ወደ ከሰዓት በኋላ ይገፋል። ስለዚህ ለማየት የሚወጣ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ይያዝ። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ያባራ ቀን ከሁሉም ይበልጣል፤ ወፎቹ ርቧቸው ያድራሉ፣ ጭቃውም የሌሊቱን መንገደኞች ኮቴ ይዞ ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሰኔ ረጅሙ ቀንና በታኅሣሥ አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እዚህ ለሚኖር ወፍ ወቅቱን አጉልቶ የሚነግረው ዝናቡና ዝናቡን ተከትሎ የሚያድገው ሣር ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን ረጅሙ ቀን 18 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን አጭሩ 6 ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የተፈለፈለ ወፍ ቀኑ ማጠሩን በግልጽ ያየዋል፤ ነፍሳቱ ሳያልቁበትና ቅዝቃዜው ሳይደርስበት ይነሳል። የአውሮፓውያኑ የብርድ ወቅት በአማርኛ «ክረምት» እየተባለ ስለሚተረጎም ብዙ ሰው ሁለቱን ክረምት አንድ ያደርጋቸዋል። የእኛ ክረምት ሲወጣ የእነሱ ገና ሊገባ ነው፤ የነባሩ ድግስና የእንግዳው መንገድ መስከረም ላይ የሚገጣጠሙትም ለዚህ ነው።

የመስቀል ወፍ ማን ናት?

ሕዝቡ ይህን ስም ለአንድ ዝርያ ብቻ አልሰጠውም። በአንዱ አካባቢ ጅራተ ረጅሙን፣ በሌላው ቢጫና ጥቁሩን የመስቀል ወፍ ይሉታል። ሁለቱም ስሙ ይገባቸዋል፤ ሁለቱም በክረምት ማብቂያ ላይ የሚያጌጡ ናቸውና።

ጅራተ ረጅሙ ያለ ጅራቱ 12 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ትንሽ ወፍ ነው። ወንዱ ሲያጌጥ ጀርባውና አናቱ ይጠቁራሉ፣ ሆዱ ይነጣል፤ ምንቃሩ ቀይ ነው። ከጅራቱ መሃል የሚወጡት አራት ጥቋቁር ላባዎች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ሲበር ጅራቱ ከኋላው እንደ ክር ይውለበለባል። በጉልህ ቦታ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም በአጥር ጫፍ ላይ ይቀመጥና ሴት ስታልፍ ከፊቷ አየር ላይ ቆሞ ከፍ ዝቅ እያለ ይጨፍራል። ቁመቱን የማያውቅ ጠበኛ ነው፤ እህል የተበተነበት ቦታ ካገኘ በአካል የሚበልጡትን ወፎች ሳይቀር ያባርራል። አንድ ያጌጠ ወንድ ካያችሁ በዙሪያው ያሉትን ተራ ቡናማ ወፎች በደንብ እዩአቸው። ከመካከላቸው አናታቸው ላይ ጠቆር ያለና ነጣ ያለ መስመር ያላቸው ሚስቶቹ ናቸው። በጥር ወንዱን ራሱን ፈልጋችሁ ብትመጡ የምታገኙት መልክ ይህን የሚመስል ነው።

ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም፣ ልጅም አያሳድግም። ሴቷ እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ሣር ለቃሚ ወፎች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። የባለጎጆዋን እንቁላል አትሰብርም፤ የራሷን ትጨምርና ትሄዳለች። ጫጩቷ አፏን ስትከፍት የሚታየው ነጠብጣብ የባለቤቲቱን ልጆች አፍ ስለሚመስል አሳዳጊዋ ሳትለይ ታጎርሳለች። እንግዲህ የመስቀል ወፍ የሚበዛው አሳዳጊዎቹ በሚበዙበት ነው። አሳዳጊዎቹ የሚበዙት ደግሞ ያልታጨደ፣ ፍሬ የቋጠረ ሣር ባለበት። ሰንሰለቱ መጨረሻው ሣር ነው።

ቢጫና ጥቁሩ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ወንዱ መላ ሰውነቱ ከሰል ሲሆን ትከሻውና የወገቡ ላባ ደማቅ ቢጫ ነው። ሲጨፍር የወገቡን ቢጫ ላባ ነፍቶ እንደ ኳስ ይሆንና ክንፉን እያርገበገበ በሣሩ ላይ ዝቅ ብሎ ይበራል። ከሣር በተፈተለ፣ በጎን በኩል በር ባለው ድቡልቡል ጎጆ ውስጥ የምትቀመጠው ሴቷ ናት። ታቅፋ የምትፈለፍለውም፣ የምታጎርሰውም እሷው ብቻዋን ነው። እንቁላል መታቀፉ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ጫጩቶቹ ለመብረር መድረሳቸው ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። አንድ ጎጆ ለአንድ ወር ያህል ሳይነካ መቆየት አለበት ማለት ነው።

ብዙ ጎጆ የሚጠፋው በዚህች አንድ ወር ውስጥ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ግቢው ሁሉ ይታጨዳል፤ ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከረግረግና ከወንዝ ዳር ይቆረጣል። ጎጆው ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ሣሩ መካከል የተሰቀለ ስለሆነ ማጭዱ ሳያየው ይዞት ይሄዳል። አታጭዱ ማለት አይደለም፤ በዓል ያለ ቄጤማ አይሆንም። ከማጨድ በፊት ግን አሥር ደቂቃ ራቅ ብሎ መቆም በቂ ነው። አንዲት ቡናማ ወፍ ደጋግማ ወደ አንድ ቦታ ገብታ ከወጣች፣ በተለይ ምንቃሯ ነፍሳት ይዞ ከሆነ፣ እዚያ ጎጆ አለ። የቦታውን ዙሪያ ሁለት ሁለት ሜትር ትቶ ማጨድ ይቻላል። ከዚያ ያነሰ ከተተወ ጎጆው ለድመትና ለቁራ ይጋለጣል፤ ብቻዋን የቆመች የሣር ቁጥቋጦ ምልክት ትሆናለችና። ግቢው ሰፊ ከሆነ በአጥሩ ጥግ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሣር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሳይነካ ቢቆይ ይመረጣል።

በመሃል ከተማ የት ይገኛሉ? ከተንከባከቧቸው መናፈሻዎች ይልቅ በቆርቆሮ ታጥሮ ግንባታው የቀረ ባዶ ቦታ ይሻላል፤ ሣሩ እስከ ወገብ ይደርሳላ። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ሣር ያልተነካባቸው ዳርቻዎች፣ በስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሰፋፊ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮችም ይፈተሹ። ባለፉት ዓመታት በኮሪደር ልማቱ የለማው የወንዝ ዳር አጭር ሣር ለእነዚህ ወፎች ጎጆ አይሆንም፤ ለሌላ ወፍ ግን ግሩም ገበታ ሆኗል፤ እሷን ከታች እናገኛታለን። አንድ ሳምንት ፈልጋችሁ መሃል ከተማ ላይ ካጣችሁ ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወይም ወደ እንጦጦ ግርጌ ውጡ።

እጓለ ቋዓት

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ክረምቱን በየክፍሉ ሰይመውታል። ከነሐሴ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 27 ያለው ሰሞን «እጓለ ቋዓት» የሚል ስም አለው፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። መነሻው መዝሙረ ዳዊት 146፥9 ነው፦ ለሚጮኹት የቁራ ጫጩቶች ምግብ የሚሰጥ አምላክ ይመሰገንበታል። በትርጓሜ ሲነገር ቁራ ልጆቿ ላባ ሳይኖራቸው ስታያቸው ትታቸው ትሄዳለች፣ እነሱም አፋቸውን ከፍተው በሚገባላቸው ነፍሳት ያድጋሉ ይባላል። በተፈጥሮ ሳይንስ ዓይን የቁራ ጫጩት ራቁቱን መፈልፈሉ እውነት ነው፤ ወላጆቹ ግን ሁለቱም ያጎርሱታል። የስያሜው ትክክለኛነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ወቅቱ ነፍሳት የሚበዙበት፣ የአፍ መክፈቻና የማጉረሻ ሰሞን መሆኑን ሊቃውንቱ አይተዋል።

በመሃል አዲስ አበባ ሁለት ቁራ በቀላሉ ይታያል። አንደኛው ግዙፉ ነው፤ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው። ይህ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ አካባቢ የሚኖር፣ በሌላው ዓለም ብዙም የማይገኝ ወፍ ነው። ሁለተኛው ደረቱና ማጅራቱ ነጭ የሆነው፣ መጠኑ ያነሰውና ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ የተስፋፋው ነው። «የቁራ መልእክተኛ» ተብሎ ስሙ የጠፋው የትኛው እንደሆነ ኖኅ ብቻ ያውቃል።

በዚህ ሰሞን ከዛፍ የወደቀ የወፍ ጫጩት ማግኘት የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም የሚገድለው የሰው ርኅራኄ ነው። መጀመሪያ ላባውን እዩ። ራቁቱን ከሆነ ወይም ገና ለስላሳ ጸጉር ብቻ ካለው ከጎጆው ወድቋል፤ ጎጆው ከታየ ወደዚያው መልሱት። የሰው ጠረን ካለበት እናቱ ትጠላዋለች የሚባለው ልማድ መሠረት የለውም። ላባ ለብሶ፣ ጅራቱ አጭር ሆኖ መሬት ላይ የሚንጦለጦል ከሆነ ግን አልወደቀም፤ መብረር እየተማረ ነው። ወላጆቹ አቅራቢያ አሉ። ድመትና ውሻ ካለ አንስታችሁ ቅርብ ያለ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጡትና ራቁ። ወደ ቤት ወስዶ ዳቦ በወተት ማጉረስ ይገድለዋል፤ ወተት የወፍ ሆድ አይፈጨውም፣ በጠብታ የሚሰጥ ውሃም ወደ መተንፈሻው ይገባል።

እውነተኞቹ እንግዶች

ቀድመው የሚገቡት የወንዝ ዳር ወፎች ናቸው፤ ነሐሴ ውስጥ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ይደርሳሉ። በቀበና ወይም በባንተይቀጡ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ፣ በድንጋዮቹ መካከል ብቻውን የሚራመድ፣ ጀርባው ቡናማ ሆዱ ነጭ፣ ኋላውን ያለ ማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ወፍ ይታያል። ሲደነግጥ ክንፉን ሳያነሳ፣ ውሃው ላይ ተጠግቶ እየተንቀጠቀጠ ይበራል። የውሃው መቆሸሽ ብዙ የሚያስጨንቀው አይመስልም፤ የሚፈልገው የነፍሳት ትል ነው፣ እሱ ደግሞ አለ። ጠቆር ያለ ጀርባ ኖሮት ሲነሳ ከጅራቱ በላይ ነጭ የሚያበራው የቅርብ ዘመዱ ነው። እነዚህ በሰሜን አውሮፓና እስያ ወንዞችና ረግረጎች ዳር ወልደው የመጡ ናቸው።

መስከረም ሲገባ ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ ወይራማ አረንጓዴ፣ ጅራቷን የምታወዛውዝ ቀጭን ወፍ ትመጣለች። ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው። የምትወደው አጭር ሣር ነው፤ ገጠር ብትሆን ከከብት እግር ሥር እየሮጠች የሚነሳውን ዝንብ ትለቅማለች፣ ከተማ ስትገባ ደግሞ የተላጨ መናፈሻ፣ የኳስ ሜዳ፣ ጃንሜዳን የመሰለ ሰፊ መስክ ትመርጣለች። ማጭድ የመስቀል ወፍን ከቦታዋ ሲነቅል ለዚህች እንግዳ ምንጣፍ ዘረጋላት። በመስከረም የምትታየው ደብዛዛ ናት፤ ብዙዎቹ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ስለሆኑ ቢጫው ገና አልደመቀም። ለመለየት ቀለሟን ትታችሁ ሩጫዋን እዩ፦ ሁለት ሦስት እርምጃ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ጅራቷን ትወዘውዛለች። ድንቢጥ ግን ትዘላለች እንጂ አትሮጥም።

በዛፍ ውስጥ የምትገባዋ ደግሞ ይበልጥ የተደበቀች ናት። ቅጠልያ ቀለም ያላት፣ ከዓይኗ በላይ ቢጫማ ቅንድብ ያላት፣ 10 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። በመስከረምና በጥቅምት ወደ ደቡብ ስታልፍ በቤተ ክርስቲያን ጥዶችና ወይራዎች ላይ ቅጠል ለቅጠል ስትገለባበጥ ትገኛለች። የምትጓዘው በሌሊት ነው።

የሌሊት ጉዞ አደጋው ከተማ ውስጥ ይጀምራል። ያረፉበት ዛፍ በመስታወት ለበስ ሕንፃ ላይ ሲንጸባረቅ ጠዋት ቀጥ ብለው ይላተሙበታል። ከሕንፃ ሥር ፈዝዛ የተቀመጠች ወፍ ካገኛችሁ በለስላሳ ጨርቅ አንሥታችሁ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርጉና ጸጥ ባለ ጨለማ ቦታ አኑሯት። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃታል። ምግብም ውሃም አትስጡ፣ በየአሥር ደቂቃው እየከፈታችሁ አትዩ፤ ድንጋጤው ራሱ ይገድላታል። ከዚያ ዛፍ ካለበት ቦታ ካርቶኑን ከፍታችሁ ተዉት። ክንፏ ተንጠልጥሎ ከቀረ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው። የሞተች ወፍ ብታገኙ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩ።

ከሁሉም የሚያስደስተው ግን ጆሮ ይፈልጋል። በመስከረም አጋማሽና በጥቅምት ፀሐያማ ቀን ከላይ ከሰማይ የተንከባለለ ፉጨት፣ «ፕሩይ፣ ፕሩይ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ቀና በሉ። ንብ በል የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ወፎች በቡድን ሆነው ወደ ደቡብ እያለፉ ነው። ከፍታቸው ብዙ ስለሆነ ቀለማቸው አይታይም፤ ሹል ክንፋቸውና ከጅራታቸው መሃል የምትወጣው ጫፍ ትበቃለች።

ጆሮ ከተነሣ፣ ጎህ ሲቀድ ከተማውን የሚቀሰቅሰውን «ሃ! ሃ! ሃ!» የሚል የጥርስ ሳቅ የመሰለ ጩኸት ለእንግዳ አትስጡት። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈው፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለው ትልቅ ወፍ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ወፍ። በክረምት መሬቱ ስለሚለሰልስ በየመስኩ ምንቃሩን እስከ ዓይኑ እየቀበረ ትልና የጢንዚዛ እጭ ያወጣል። መሬቱ ሲደርቅ ውሃ ወደሚጠጣ ሣርና ወደ ውሃ ዳር ይሰበሰባል። አንድ መስክ ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ አፈሩ መጠጠር ጀምሯል።

እንቁራሪቶችም እንደዚሁ ናቸው። የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው፤ የሚጮኸውም ውሃ ቋት እስካለ ድረስ። ሌሊት ሌሊት ድምፁ ሲሳሳ ክረምቱ እየለቀቀ ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ

ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስቀል። እርዱ ሲበዛ ቆዳና አጥንቱ በየጥጉ ይወድቃል፤ ጭልፊትና ቁራ በየሰፈሩ ዝቅ ብለው ይዞራሉ። በቄራ ሰማይ ላይ ከሚያንዣብቡት መካከል ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝማ፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው ጥምብ አንሳ በዓለም ደረጃ በከፍተኛ ሁኔታ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። እዚህ ስለምናየው ብዙ ይመስለናል።

የሌሊቱ አጽጂ ጅብ ነው። በወንዝ ሸለቆዎችና ከእንጦጦ በሚወርዱ ገደላገደሎች በኩል ወደ ከተማ ይገባል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላልና በውሻ ጩኸት አትመኑ፤ ጭቃውን አንብቡ። የጅብና የትልቅ ውሻ ኮቴ ሁለቱም አራት ጣትና የጥፍር ምልክት አላቸው። ልዩነቱ መጠንና አቀማመጥ ላይ ነው። የጅብ የፊት ኮቴ ከኋላው ግልጽ በሆነ መልኩ ይበልጣል፤ ክብደቱ በጭንቅላቱና በትከሻው ስለሆነ። ርዝመቱ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት የክብሪት ቀፎ ያህል ይሆናል። ጣቶቹ የተጨናነቁ ናቸው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሲለኩ ነው። ለስላሳ ጭቃ ላይ ኮቴው ጠርዙ ይሰፋል፣ ዝናብ ሲያካፋበት ደግሞ ይበልጥ ይከፈታል፤ ውሻው ጅብ ሆኖ ቁጭ። የሚለካው የላይኛው ጠርዝ ሳይሆን የጉድጓዱ ወለል ነው።

ሌላው ምልክት እዳሪው ነው፤ አጥንት ስለሚበላ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። በነሐሴ ዝናቡ ስለሚያፈርሰው አይገኝም፤ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ይታያል። ከእዳሪ ብዙ ነገር ይነበባል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት የጅብ እዳሪ ውስጥ ያለውን ፀጉር መርምሮ፣ በሁዳዴ ጾም የእርድ ተረፈ ምርት ሲቀንስ ጅቦቹ አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። የጾሙ መቁጠሪያ ለጅብም ይሠራል ማለት ነው። በእጅ መንካት ግን አያስፈልግም፤ በሌሊትም ወንዝ ዳር ብቻችሁን አትሂዱ። የበዓሉን አጥንት ክፍት ቦታ አለመጣል ጅብን ከሰፈር ለማራቅ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው።

አደይና ንብ

አደይ አበባ ዘሩ ክረምቱን በሙሉ ሲያድግ ከርሞ መስከረም ላይ ይፈነዳል። ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ገና ቅጠል ሳለ እንደ አረም ስለሚታጨድ ነው፤ በነሐሴ ቅጠሉ የተበጣጠሰና ጥንድ ጥንድ ሆኖ በግንዱ ትይዩ የወጣ ተክል በጓሯችሁ ካያችሁ ሁለት ሳምንት ታገሡት። አበባው ለንብ ትልቁ ገበያ ነው። የደጋው ዋና የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምግብ ሲትረፈረፍ የንብ መንጋ ይከፈላል። አሮጊቷ ንግሥት ግማሹን ይዛ ትወጣና ዛፍ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ፣ አንዳንዴም መኪና መስተዋት ላይ እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላሉ። ያን ሰዓት የሚጠብቁት እጭም ማርም ስለሌላቸው ከተለመደው የበለጠ ገር ናቸው። ቤት ፈላጊዎቹ ንቦች ቦታ እስኪያገኙ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያሉ። ልጆችን ማራቅ፣ ድንጋይ አለመወርወር፣ ፍሊት አለመንፋት፤ ይኸው ነው። መንጋ የሚያወርድ ንብ አናቢ ከተገኘ ሲመሽ በቀፎ ይወስዳቸዋል። ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ውስጥ ገብተው ሰፈፍ ከሠሩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አሁን ቤት አላቸው፣ ይከላከሉለታል። ያንን ያለ ባለሙያ አትንኩ።

ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የዝናቡን ሁኔታ ይጻፍ፤ በተለይ ያላየውን ይጻፍ። «መስከረም 5፣ ጃንሜዳ፣ ቢጫዋ የለችም» የሚል መስመር «መስከረም 9፣ አራት አሉ» ከሚለው ጋር ሲሆን የመግቢያዋን ቀን በአራት ቀን ልዩነት ይነግራችኋል።

ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ከሰሜን የመጡ ንስሮች በከተማው ሰማይ ላይ ሙቅ አየር ተከትለው መዞር ይጀምራሉ። ኅዳር ገደማ የመስቀል ወፍ ወንዱ ላባውን መጣል ይጀምራል፤ ረጅሙ ጅራት አንድ አንድ እያለ ይረግፋል፣ ጥቁሩ በቡናማ ይዝጎረጎራል፣ ከዚያ ከድንቢጦቹ መካከል ገብቶ ይጠፋል። ቢጫዋ እንግዳ ግን ሣሩ ላይ ትቆያለች። የካቲትና መጋቢት ላይ ተመልሳችሁ እዩአት። ወንዶቹ የጉዞና የጋብቻ ልብሳቸውን እዚሁ ለብሰው ይጨርሳሉ፤ ሆዳቸው እንደ አደይ ይቢጫል፣ አናታቸው እንደየመጡበት አገር አንዱ ሰማያዊ ግራጫ፣ ሌላው ጥቁር ይሆናል። ያኔ ከአንድ መንጋ ውስጥ ማን ወደየት እንደሚመለስ በጭንቅላቱ ቀለም መገመት ይቻላል።